ቀለሙ ይልቀቅ፣ ጥራቱ ይቆይ፦ ከጥርት ፕላስቲክ ላይ ቀለምና ቫርኒሽ የማስለቀቅ ሳይንስ

መግቢያ

የአውሮፕላን ሞዴል የሚገጣጥሙ ሰዎች ከክፍሎቹ ሁሉ አብልጠው የሚሰጉላት አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። እርስዋም የአብራሪውን መቀመጫ የምትሸፍነው፣ እንደ መስታወት ጥርት ያለችው የፕላስቲክ ክዳን ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ስፒትፋየር 9.1 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በ1 ለ72 ልኬት ሲሠራ ርዝመቱ 12.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ክዳኑም የጣት ጫፍ ያህል ነው። በዚህች ክዳን ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ክፈፎች አሉ። ክፈፎቹ ቀለም መቀባት፣ በመካከላቸው ያሉት መስኮቶች ደግሞ ንጹሕ ሆነው መቅረት አለባቸው። ብሩሹ ጥቂት ከተንቀጠቀጠ ወይም መሸፈኛው ፕላስተር ጥቂት ከላላ ቀለሙ ወደ መስኮቱ ይዘልቃል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያነሣው አሴቶን ወይም ቲነር ነው። ጥጡን ነክሮ ሲያሽ ቀለሙ በእርግጥ ይለቃል። ነገር ግን በሴኮንዶች ውስጥ መስኮቱ ይጣበቃል፣ ወተት የተቀባ ይመስል ይነጣል፣ የጣት አሻራም ይቀረጽበታል። ቀለሙ ከመስኮቱ ጋር ተያይዞ ሄደ ማለት ነው።

ይህ ችግር የሞዴል ሠሪዎች ብቻ አይደለም። የሕንፃ ሞዴል የሚሠራ የሥነ ሕንፃ ተማሪ፣ የራስ ቁሩ መከለያ ላይ ቀለም የተረጨበት ሞተር ብስክሌተኛ፣ የፕላስቲክ መነጽሩ ላይ ቫርኒሽ የፈሰሰበት አናጺ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይገጥማቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ትክክለኛው ጥያቄ «ቀለምን የሚያስለቅቅ ኃይለኛ ፈሳሽ የትኛው ነው?» የሚለው አለመሆኑን ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ቀለሙን የሚያጠቃ፣ ፕላስቲኩን ግን የማይነካ ፈሳሽ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ጥቂት ፊዚክስና ጥቂት ኬሚስትሪ ያስፈልገናል።

ፕላስቲክ ጥርት የሚለው ለምንድን ነው?

ብርሃን አንድ አካል ላይ ሲያርፍ ሊንጸባረቅ፣ ሊመጠጥ፣ ሊበተን ወይም ቀጥ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። አንድ አካል ጥርት ያለ ነው የምንለው የመጨረሻው ዕጣ የአብዛኛው ብርሃን ሲሆን ነው። አብዛኞቹ የሞዴል መስኮቶች የሚሠሩበት ፖሊስቲሪን የተባለው ፕላስቲክ ለዓይናችን የሚታየውን፣ ማለትም የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር የሆነውን ብርሃን አይመጥጥም ማለት ይቻላል። ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶቹም ያለ ሥርዓት የተጠላለፉ ስለሆኑ በውስጡ ብርሃንን የሚበትኑ ክሪስታሎች አይፈጠሩም። በአንጻሩ ውኃ የምንቀዳበት ነጭ ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤትሊን በከፊል ክሪስታል ስለሚሠራ፣ ቀለም ባይጨመርበት እንኳ ወተት መሰል መልክ አለው።

የፖሊስቲሪን የስብረት ኢንዴክስ 1.59 ነው። ከዚህ ቁጥር ተነሥተን ስናሰላ ቀጥ ብሎ ከሚመጣው ብርሃን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ 5 በመቶ ያህል ይንጸባረቃል። መስኮቱ ሁለት ገጾች ስላሉት 90 በመቶ ያህሉ ያልፋል። ይህ ለመስኮት በቂ ነው፤ ሆኖም እውነት የሚሆነው ገጹ ለስላሳ ሲሆን ብቻ ነው።

ብርጭቆ ሲደቅቅ ነጭ ዱቄት እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ቁሱ ያው ብርጭቆ ነው፤ የተለወጠው የገጹ ቅርጽ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለምትበትነው ጥራቱ ጠፍቶ ንጣት ይታያል። በፕላስቲክ መስኮትም ገጽ ላይ ግማሽ ማይክሮ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶችና ጉብታዎች ከተፈጠሩ መስኮቱ ይደበዝዛል። ግማሽ ማይክሮ ሜትር ማለት የአንድ ጠጉር ውፍረት መቶኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አንድ ፈሳሽ መስኮትን ለማበላሸት ፕላስቲኩን ማቅለጥ አያስፈልገውም፤ የላይኛውን ስስ ሽፋን ጥቂት ቢያንቀሳቅስ ይበቃዋል። ቀለም የተቀባ ክፍል ላይ ፈጽሞ የማይታይ ጉዳት በመስኮት ላይ ጎልቶ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ጥርት ያለ ሁሉ አንድ አይደለም

በዓይን ሲታዩ የሚመሳሰሉ፣ በጠባያቸው ግን የሚለያዩ ሦስት ጥርት ያሉ ፕላስቲኮች በብዛት ያጋጥሙናል።

የመጀመሪያው ፖሊስቲሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 የበርሊኑ መድኃኒት ቀማሚ ኤድዋርድ ሲሞን ከዛፍ ሙጫ ያገኙት ፈሳሽ በቆይታ ወደ ጄሊ መሰል ነገር ሲለወጥ አስተዋሉ። ይህ ለውጥ ትናንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት መሥራታቸው መሆኑ የተረዳው ዘግይቶ ነው። የረጃጅም ሞለኪውሎችን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1920 ያቀረቡት ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1953 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በሞዴል ሳጥን ውስጥ ያሉት ባለ ቀለም ክፍሎችም በአብዛኛው ፖሊስቲሪን ናቸው፤ ነገር ግን ጎማ መሰል ቁስ ስለሚቀላቀልባቸው አይሰባበሩም። መስኮቱ ጥርት እንዲል ያለ ጎማ ስለሚሠራ ከሌሎቹ ክፍሎች ይልቅ ተሰባሪ ነው።

ሁለተኛው በተለምዶ አክሪሊክ የሚባለው፣ በንግድ ስሙ ፕሌክሲግላስ ወይም ፐርስፔክስ ተብሎ የሚታወቀው ነው። የእውነተኛው ስፒትፋየር ክዳን የተሠራው ከዚህ ነበር። እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በጦርነቱ ጊዜ የክዳን ስባሪ በዓይናቸው የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክሙ፣ ቁሱ በዓይን ውስጥ ቁጣ እንደማያስነሣ ተገነዘቡ። እ.ኤ.አ. በ1949 ከዚሁ ቁስ የተሠራ ሌንስ በታካሚ ዓይን ውስጥ ተከሉ፤ የዛሬው የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሌንስ መነሻም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ፖሊካርቦኔት ነው። እርሱ ከሁለቱ ይልቅ በመመታት የማይሰበር በመሆኑ ለራስ ቁር መከለያ፣ ለመኪና የፊት መብራት ሽፋንና ለአደጋ መከላከያ መነጽር ይውላል።

ፖሊስቲሪንን ከሌሎቹ ለመለየት ቀላል የላቦራቶሪ ዘዴ አለ። የፖሊስቲሪን እፍግታ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 1.05 ግራም ነው፤ የአክሪሊክ 1.19፣ የፖሊካርቦኔት 1.20 ያህል ነው። ሦስቱም በንጹሕ ውኃ ውስጥ ይሰምጣሉ። በአንድ ሊትር ውኃ 160 ግራም የገበታ ጨው ሲሟሟ ግን የፈሳሹ እፍግታ ወደ 1.10 ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ፖሊስቲሪኑ ብቻ ይንሳፈፋል። ለሙከራው መስኮቱ ተያይዞበት ከመጣው ፍሬም ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ይበቃል። የአየር አረፋ ተጣብቆበት ውጤቱን እንዳያሳስት አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ቢጨመር መልካም ነው።

«ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟማል»

ይህ አባባል በኬሚስትሪ ክፍል ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሆኖም «ተመሳሳይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር መግለጥ ይቻላል። አሜሪካዊው ኬሚስት ጆኤል ሂልደብራንድ ያስተዋወቁት መለኪያ የሚነሣው ከአንድ ቀላል ሐሳብ ነው። አንድን ፈሳሽ ለማትነን የሚያስፈልገው ኃይል ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚሳሳቡ ይነግረናል። ይህን ኃይል በፈሳሹ ይዘት ስናካፍለውና የውጤቱን ካሬ ሥር ስንወስድ የዚያን ፈሳሽ የሙሟት ቁጥር እናገኛለን።

ቶሉዊን የተባለውንና በብዙ ቲነሮች ውስጥ የሚገኘውን አሟሚ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሞል ቶሉዊን ለማትነን 38 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ከዚህ ላይ ትነቱ አየሩን ገፍቶ ቦታ ለማግኘት የሚያወጣው 2.5 ኪሎ ጁል ሲቀነስ 35.5 ይቀራል። የአንድ ሞል ይዘት 107 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው። ማካፈሉ 332 ሜጋ ፓስካል ይሰጠናል፤ ካሬ ሥሩ ደግሞ 18.2 ነው። ለውኃ ተመሳሳዩን ስሌት ብንሠራ 48 ያህል እናገኛለን። የሌሎቹ ቁጥሮች እንደሚከተለው ናቸው፦ ሄክሴን 14.9፣ አሴቶን 20፣ አይሶፕሮፒል አልኮል 23.5፣ ኤታኖል 26.5።

ፖሊመሮች ስለማይተኑ ቁጥራቸው የሚለካው በተዘዋዋሪ፣ የትኛው ፈሳሽ አብልጦ እንደሚያሳብጣቸው በመመልከት ነው። የፖሊስቲሪን ቁጥር 18.6 ያህል ነው። የፈሳሹና የፖሊመሩ ቁጥር ልዩነት 2 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ብዙውን ጊዜ መሟሟት ወይም ኃይለኛ ማበጥ ይከተላል። ቶሉዊን ከፖሊስቲሪን የሚለየው በ0.4 ብቻ ስለሆነ ፕላስቲኩን እንደ ስኳር ያሟሟዋል። አሴቶን በ1.4 ይለያል፤ ሙሉ በሙሉ ባያሟሟውም በፍጥነት ያለሰልሰዋል፣ ያጣብቀዋል፣ ያነጣዋል። ልብስ ላይ የፈሰሰ ቀለምን ለማስለቀቅ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ቤንዚንም የቶሉዊን ዘመዶች ስላሉበት ለፖሊስቲሪን መስኮት ጠላት ነው። ውኃ ግን በ29 ስለሚርቅ ምንም አያደርገውም።

ነገር ግን አንድ ቁጥር ብቻውን ሁሉን አይናገርም። ቻርልስ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ኮፐንሃገን ውስጥ ባቀረቡት የምርምር ሥራ ይህን ቁጥር በሦስት ከፈሉት። አንደኛው ሞለኪውሎች ሁሉ የሚጋሩት ደካማ ስበት፣ ሁለተኛው ቋሚ የኤሌክትሪክ ዋልታ ባላቸው መካከል ያለው ስበት፣ ሦስተኛው የሃይድሮጂን ትስስር ነው። ፖሊስቲሪን ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ብቻ የተሠራ ስለሆነ አብዛኛው ስበቱ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በብዙ ቀለሞች ውስጥ ግን ኦክስጂን ያለባቸው ክፍሎች ስላሉ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓይነት ስበትም ድርሻ አላቸው። አልኮል ቀለሙ ውስጥ ዘመድ ያገኛል፤ ፖሊስቲሪኑ ውስጥ ግን እንግዳ ነው። የምንፈልገው ፈሳሽ ይህን የመሰለ ነው።

ቀለሙስ ምንድን ነው?

የሞዴል ቀለሞችና ቫርኒሾች በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ የድክመት በር አለው።

በውኃ የሚቀጥነው የአክሪሊክ ቀለም በውኃ ውስጥ የተንሳፈፉ ጥቃቅን የፖሊመር ቅንጣቶች ናቸው። ውኃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይዋሃዳሉ። ሆኖም ብዙውን ጊዜ አሲዳዊ ክፍሎችና ሳሙና መሰል ቅመሞች በውስጡ ስለሚቀሩ አልኮልና እንደ አሞኒያ ያለ ቤዝ ያሳብጡታል። ወለል ለማንጸባረቅ የሚውለው ጥርት ያለ የአክሪሊክ ፖሊሽም በአሞኒያ ይለቃል።

የዘይት ቀለም፣ ሞዴል ሠሪዎች ኢናሜል የሚሉት፣ የተለየ ነው። አሟሚው ከተነነ በኋላ ሙጫው ከአየር ኦክስጂን ጋር እየተዋሐደ ሰንሰለቶቹን በድልድይ ያገናኛል። ገና እርጥብ ሳለ በቀለም ቤቶች አኳራጅ በሚባለው ማቅጠኛ ወይም በነጭ ጋዝ ይጠረጋል። ከሳምንታት በኋላ ግን መረብ ስለሚሆን የትኛውም ማቅጠኛ አያሟሟውም። በዚህ ጊዜ የሚቀረው በር ኤስተር የተባለው ትስስር ነው፤ ብርቱ ቤዝ ይህን ትስስር ይሰብራል። ቅባትን በአመድ ውኃ ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኬሚካዊ ሂደትም ይኸው ነው። የፖሊስቲሪን አጥንት የካርቦን ለካርቦን ትስስር ብቻ ስለሆነ ቤዙ አይነካውም።

ሦስተኛው ወገን ላከር ነው። በትነት ብቻ ይደርቃል፤ በራሱ አሟሚም ሁልጊዜ ተመልሶ ይሟሟል። ይህ መልካም ይመስላል፤ ችግሩ አሟሚው በአብዛኛው ፖሊስቲሪንንም የሚያሟማ መሆኑ ነው። ስለዚህ በመስኮት ላይ የፈሰሰ ላከር ከሁሉ የከፋው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በፈሳሽ ሳይሆን በፍተጋ ይወገዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ቀለምን ለማስለቀቅ ማሟሟት የግድ አይደለም። ቀለሙ ፈሳሹን ጠጥቶ ሲያብጥ መስፋት ይፈልጋል፤ ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ግን ባለበት ይቆያል። በሁለቱ መካከል በሚፈጠረው ውጥረት ቀለሙ ተሸብሽቦ ይላቀቃል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ምክንያቱም ፈሳሹ የሚዘልቀው በሥርገት ነው። በሥርገት ሕግ መሠረት የሚፈጀው ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል፦ ቀለሙ እጥፍ ከወፈረ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙ አልለቅ ሲል መፍትሔው አብዝቶ ማሸት ሳይሆን መታገሥ ነው።

የማይታየው ጠላት፦ ውስጣዊ ውጥረት

የፖሊስቲሪን መስኮት የሚሠራው የቀለጠ ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ ነው። የላይኛው ክፍል ፈጥኖ ሲጠነክር ውስጡ ገና ትኩስ ስለሆነ፣ የተለጠጡት ሰንሰለቶች ወደ ልማዳቸው ሳይመለሱ ባሉበት ይደርቃሉ። ስለዚህ ማንም ባይነካውም መስኮቱ በውስጡ ውጥረት ታምቆበታል።

ይህን ውጥረት በዓይን ማየት ይቻላል። ነጭ ገጽ በሚያሳይ የላፕቶፕ ስክሪን ፊት መስኮቱን ይያዙትና በፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ይመልከቱት። መነጽሩን ስክሪኑ እስኪጨልም ድረስ ቢያዞሩት በመስኮቱ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያላቸው መስመሮች ይታያሉ። የተወጠረ ፕላስቲክ በተለያየ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃንን በተለያየ ፍጥነት ስለሚያሳልፍ ነው። መስመሮቹ ጥቅጥቅ ያሉበት ስፍራ፣ ብዙውን ጊዜ መስኮቱ ከፍሬሙ ጋር የተያያዘበት አካባቢ፣ ውጥረቱ የበረታበት ነው።

ፕላስቲኩን ለማሟሟት አቅም የሌለው ፈሳሽ እንኳ በእነዚህ ስፍራዎች ጥቂት ሰርጎ የሰንሰለቶቹን መያያዝ ሊያላላ ይችላል። የታመቀው ውጥረት ያኔ ይለቀቅና ድር መሰል ረቂቅ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ጭረት በገጽ ላይ ይቀራል፤ እነዚህ ስንጥቆች ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ በፍተጋም አይወገዱም።

ጉዳዩ ከመጫወቻ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። በሆስፒታል ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚቆዩበት የኢንኩቤተር ክዳን በአብዛኛው የሚሠራው ከአክሪሊክ ነው። አክሪሊክ ደግሞ በውጥረት ላይ ሳለ አልኮል ሲነካው ይሰነጠቃል። አምራቾች ክዳኑ በአልኮል እንዳይወለወል በመመሪያቸው የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። እንዲሁም ከራስ ቁር መከለያ ላይ ቀለም ለማስለቀቅ ቤንዚን ወይም ቲነር የተጠቀመ ሰው፣ መከለያው በዓይን ሲታይ ደህና ቢመስለውም በአደጋ ጊዜ የሚያስፈልገውን ጥንካሬ አሳጥቶት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መከለያ ቢለወጥ ይሻላል።

በተግባር እንዴት?

ከላይ ያየነው ሁሉ ወደ ጥቂት ሕጎች ይጠቃለላል። የመጀመሪያው ሕግ የመረጥነውን ፈሳሽ መስኮቱ ላይ ከማድረጋችን በፊት በፍሬሙ ቁራጭ ላይ መሞከር ነው። ፍሬሙ ከመስኮቱ ጋር ከአንድ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ታማኝ ምስክር ነው። ቁራጩን ጥቂት ጎንበስ አድርጎ እየያዙ መሞከር ደግሞ የውጥረት ስንጥቅ የሚመጣ መሆኑን ቀድሞ ያሳውቃል። ሁለተኛው ሕግ ከለዘብተኛው ጀምሮ ወደ ብርቱው መሄድ ነው።

ለፖሊስቲሪን መስኮት ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። ቀለሙ ከተነካ ደቂቃዎች ብቻ ካለፉ ለብ ያለ የሳሙና ውኃና ጥጥ ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ። ጥቂት የደረቀ ከሆነ ጫፉ እንደ መሮ የተጠረበ ስቴኪኒ ቀለሙን ከጠርዙ ያነሣዋል፤ እንጨቱ ከፕላስቲኩ ስለሚለሰልስ አይጭረውም፤ መርፌና ምላጭ ግን ይጭራሉ። ለአክሪሊክ ቀለም በጥጥ ጫፍ የተወሰደ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ወይም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ይከተላል። ጥጡን ሁልጊዜ ከንጹሑ ወደ ቆሸሸው መሳብና በየጊዜው መለወጥ ይገባል፤ ያለበለዚያ ጠንካራዎቹ የቀለም ቅንጣቶች ራሳቸው ይጭራሉ።

ገና ላልደረቀ የዘይት ቀለም ጥቂት አኳራጅ ወይም ነጭ ጋዝ ለሴኮንዶች አስነክቶ ወዲያው በሳሙና ማጠብ ይቻላል፤ ከቆየ ግን ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላል። ለከረመ የዘይት ቀለም ደግሞ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ማጽጃ ውስጥ መስኮቱን ነክሮ በየጊዜው እያዩ መጠበቅ ነው። ውኃው ለብ ቢል ሥራውን ያፋጥናል፤ ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ እንዲያልፍ ግን አይመከርም። ፖሊስቲሪን ሙሉ በሙሉ የሚለሰልሰው 100 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም የታመቀው ውጥረት ከዚያ በፊት ቅርጹን ሊያጣምመው ይችላል።

ቁሱ አክሪሊክ ከሆነ አልኮልና አሞኒያ ቀርተው የሳሙና ውኃና ለአጭር ጊዜ ነጭ ጋዝ ይመረጣሉ። ፖሊካርቦኔት ከሆነ የሳሙና ውኃና አይሶፕሮፒል አልኮል ይሆናሉ፤ ቤዝ ግን በምንም ዓይነት አይነካውም፤ አጥንቱ ውስጥ ያለውን የካርቦኔት ትስስር ይሰብረዋልና። ለፖሊስቲሪን መድኃኒት የሆነው ለፖሊካርቦኔት መርዝ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጥራትን መመለስ

ቀለሙ ከለቀቀ በኋላ መስኮቱ ደብዝዞ ከተገኘ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት አንድ ሙከራ ይደረግ፤ መስኮቱን ውኃ ይንከሩት። ውኃው ውስጥ ጥርት ካለ ጉዳቱ በገጹ ላይ ብቻ ነው፤ ይድናል። ውኃው ውስጥም ነጭ መስመሮች ከታዩ ጉዳቱ ወደ ውስጥ የዘለቀ ስንጥቅ ነው፤ አይድንም።

ውኃ ይህን የሚያደርገው ለምንድን ነው? ግማሽ ማይክሮ ሜትር ጥልቀት ያለውን ጭረት እናስብ፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 0.55 ማይክሮ ሜትር ይሁን። በጭረቱ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃንና በጎኑ የሚያልፈው ብርሃን የሚለያዩት በጥልቀቱና በሁለቱ ኢንዴክሶች ልዩነት ብዜት ነው። ጭረቱ አየር ሲሞላው ልዩነቱ 0.59 ስለሆነ መዘግየቱ ከግማሽ ሞገድ ይበልጣል፤ ብርሃኑ በብርቱ ይበተናል። ውኃ ሲሞላው የውኃ ኢንዴክስ 1.33 ስለሆነ መዘግየቱ ወደ ሩብ ሞገድ ይወርዳል። ኢንዴክሱ 1.49 የሆነ ጥርት ያለ አክሪሊክ ሲሞላው ደግሞ ከአንድ አሥረኛ ሞገድ በታች ይሆናል፤ ዓይንም ጭረቱን አያይም።

ሞዴል ሠሪዎች የተቧጨረ መስኮትን ጥርት ባለ የአክሪሊክ ወለል ፖሊሽ ነክረው ማድረቃቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ፖሊሹ ጭረቱን ከመሸፈን አልፎ በብርሃን ረገድ ያጠፋዋል። ካልተሳካም በአሞኒያ አስለቅቆ እንደገና መሞከር ይቻላል።

ጥልቅ ለሆነ ጭረት ፍተጋ ያስፈልጋል። ቁጥሩ 2000 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቅንጣቶች 10 ማይክሮ ሜትር ያህል ናቸው። በውኃ እያራሱ ከእርሱ ወደ ባሰ ደቃቅ ወረቀት፣ ከዚያም ወደ ማለስለሻ ቅባት መሸጋገር ነው፤ የጥርስ ሳሙናም ለዚህ ያገለግላል። እያንዳንዱ ደረጃ የሚያደርገው ቀዳሚው የተወውን ጭረት በራሱ አነስተኛ ጭረት መተካት ብቻ ነው። ጭረቶቹ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት በእጅጉ ሲያንሱ መስኮቱ ይጠራል። አንድ ደረጃ የዘለለ ሰው ግን በመጨረሻው ቅባት ቀኑን ሙሉ ቢያሽም የቀድሞው ጭረት አይለቀውም። ፍተጋው ሙቀት እንዳይፈጥርም ቀስ ማለት ይገባል።

ጥንቃቄ

በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ይህን የሚሞክር ሰው ሦስት ነገሮችን አይርሳ። አኳራጅ፣ አልኮልና ነጭ ጋዝ ተቀጣጣዮች ናቸው፤ የከሰል ምድጃ ወይም ሻማ ባለበት ክፍል አይከፈቱ፣ መስኮትም ይከፈት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይንን ሊያሳውር ስለሚችል ያለ መነጽርና ያለ ጓንት አይነካ፤ ተማሪዎችም በመምህር ፊት ብቻ ይጠቀሙበት። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያመነጫሉ።

ማጠቃለያ

አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል የፕላስቲክ መስኮት የብርሃን መበተንን፣ የሞለኪውሎችን መሳሳብ፣ የሥርገትን ሕግና በጠጣር ውስጥ የታመቀ ውጥረትን በአንድ ላይ ታስተምረናለች። ኃይለኛ አሟሚ የሚያነሣ ሰው ቀለሙን ብቻ ያያል። ፊዚክስና ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ግን ቀለሙን፣ ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክና በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጠርሙሱን የሚከፍተው። የመኪና መብራትን፣ የራስ ቁርን ወይም የኢንኩቤተር ክዳንን የማጽዳት ኃላፊነት ለሚገጥመው አንባቢም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ ቁሱን መለየት፣ ቆሻሻውን መለየት፣ ከዚያም ሁለቱን የሚለያቸውን ፈሳሽ መምረጥ።